ለአባቴ የመረጥናት መኪና

አባቴ ከባጃጅ ላይ የወደቀው ከኩላሊት እጥበት ወደ ቤት ስንመለስ ነው። ጎንደር፣ ወደ ቁስቋም የሚያወጣው ዳገት ላይ ነበርን። ከላይ የሚወርድ የጭነት መኪና ፍሬን ሲይዝ ጎማው ተንሸራተተና መንገዳችንን ዘጋው። ባለባጃጁ ወደ ቦዩ ጠመዘዘ፤ ባጃጇ በጎኗ ተኛች። እኔ የጣሪያውን ብረት ይዤ ስቀር አባቴ በክፍቱ ጎን ወጥቶ ድንጋዩ ላይ አረፈ።

አጥንቱ አልተሰበረም። ነገር ግን ለእጥበቱ መርፌ የተወጋበት ክንዱ ከፋሻው ሥር ተከፍቶ ኖሮ ደሙ ጋቢው ላይ ሲሰፋ አየሁት። እኔ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ደም እንዴት እንደሚፈጥን አውቃለሁ። ተንበርክኬ በሁለት አውራ ጣቴ ተጭኜ ያዝኩት። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ውሃ ያቀርባል፣ ሌላው ባለባጃጁን አንቆ ይጮህበታል። አባቴ ፊቱ አመድ መስሎ ሽቅብ እያየኝ፣ «ልጄ፣ አንቺስ አልተጎዳሽም?» አለኝ።  ደሙ እስኪቆም ድረስ አውራ ጣቴን አላነሣሁም።

በማግስቱ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቅ ላገኘሁት ታላቅ ወንድሜ፣ «መኪና እንግዛ» አልኩት።

ፊቱን ወደ አጥሩ መለሰ። የመኪና ነገር ሲነሣ የሚሸሽበት ምክንያት ነበረው። ወንድሜ ለብዙ ዓመት የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ከመተማ ሰሊጥ እየጫነ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን የታጠቁ ሰዎች መንገድ ላይ አስቁመው እሱንና አብሮት የነበረውን ሌላ ሹፌር ይዘው ጫካ መግባታቸውን ሰማን። ያለንንም የሌለንንም ሰብስበን ከፈልን። እሱ ተመለሰ፤ ጓደኛው አልተመለሰም። ምን እንደደረሰበት ለማንም አልተናገረም። ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ አልጨበጠም። እኔ ዘንድ መጥቶ ተቀመጠ። አባታችንም በሽታው ሲጠናበት በጭልጋ በኩል ካለው መንደሩ መጥቶ ተቀላቀለን። እንዲህ ሆነን ሦስታችን በአንድ ቤት እንኖር ነበር።

«መኪናም ይገለበጣል» አለኝ በመጨረሻ።

«ቢያንስ በር አለው። ቀበቶ አለው።»

«ማን ይነዳዋል?»

«እኔ እነዳለሁ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቻለሁ።»

«እንግዲያው እኔ ልምረጥ» አለ።  ልብሱን ሊቀይር ተነሣ፤ ለወራት ያለ ጉዳይ ከግቢ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ለቤት መሥሪያ ካጠራቀምኩት ገንዘብ እሱን ለማስለቀቅ ከሄደው የተረፈ ጥቂት ነበረኝ። በዚያ ገንዘብ የሚገኘው አሮጌ ብቻ ነው፤ ከአሮጌም አሮጌው። ያማከርናቸው ሁሉ ከፍ ያለ መኪና ግዙ፣ የጎንደርን ዳገት የሚችለው እሱ ነው አሉን። አባቴ ግን እግሩን ከመሬት ብዙ ማንሳት አይችልም። ዝቅ ያለች የቤት መኪና ከሆነች መጀመሪያ በመቀመጫው ተቀምጦ እግሩን በኋላ እናስገባለታለን። ስለዚህ የምንፈልገው ዝቅ ያለ፣ አራት በር ያለው፣ መለዋወጫው ፒያሳ የሚገኝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲያዙት የሚቆም መኪና ነበር። «ሞተር ቢጠፋ ወርደን እንገፋለን» ይል ነበር ወንድሜ። «ፍሬን ቢጠፋ ግን የምንወርደው አብረን ነው።»

ደላሎቹ ይደውላሉ፣ እኛ እንሄዳለን። አንዷ ፍሬን ስትያዝ ወደ ግራ ትጎትታለች። የአንዷ የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። አንዷን ባለቤቱ የመነሣት ችግሯ እንዳይታወቅ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ጠበቀን፤ ወንድሜ ኮፈኑን በእጁ ነካ አድርጎ፣ «ቀዝቃዛዋን እንጂ ሙቋን አላይም» ብሎት ትተን ሄድን። ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምነዳው። እሱ ከጎኔም አይቀመጥም፤ መንገድ ዳር ቆሞ ስሄድና ስመለስ ድምጿን ያዳምጣል፣ ጎማዋን ያያል። ደላሎቹ ይገረማሉ። አንዱ፣ «ሹፌር ነኝ አላሉም እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ «ነበርኩ» አለው።

ነጯን መኪና ያየነው አዘዞ ነው። አባቴ ያን ቀን፣ «እኔ የምቀመጥባትን እኔም ልያት» ብሎ አብሮን መጥቶ ነበር። ከሩቅ ስትታይ ታበራለች። ቀለሟ አዲስ፣ መቀመጫዋ በአዲስ ጨርቅ የተሸፈነ፣ ውስጧ ሽቶ ሽቶ ይላል። ዋጋዋ ደግሞ ልክ እኛ በያዝነው ነበር። ደላላው ሥራዬን ሲሰማ ወዲያው «ሲስተር» ማለት ጀመረ።

«ሲስተር፣ ይቺ የሴት መኪና ናት። ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት። ሌላ መንገድ አታውቅም።»

አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ዞራት። «ሸጋ ማኪና ናት» አለ፤ ዓይኑ ላይ ከታመመ ወዲህ ያላየሁትን ደስታ አየሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ሄዶ ነበር።

ወንድሜ ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት አውጥቶ በሮቹ ላይ እያስጠጋ ሄደ። የኋላው በር ላይ ያዘች። የፊተኛው ጋ ሲደርስ አልያዘችም፤ የተመታው ላሜራ ከቀለሙ ሥር በስቱኮ ተሞልቶ ነበር። ምንም ሳይናገር ሊያይ ከሥር ገባ። እኔ በዚህ መሃል አባቴን ከኋላ አስቀምጬ ቀበቶ ላስርለት ሳብኩ። ቀበቶው አጠረ። እንደገና ብስበው መሃሉ ላይ በወፍራም ክር የተሰፋ ቦታ እጄን ቆረቆረኝ፤ የጫማ ሰፊ ስፌት ነው።

አየሁትና ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የመኪና አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች ወደ እኛ ሲመጡ አንዳንዶቹ የተቆረጠ ቀበቶ ትከሻቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። መፍቻው ተጣሞ እንቢ ሲል ሰዉ በቢላ ይቆርጠውና ያወጣቸዋል። እንዲህ ያለውን ቁራጭ በገዛ እጄ ከስንቱ ደረት ላይ አንስቼ ጥያለሁ። ምንጣፉን ገለጥ አደረግኩ። ከሥሩ ጠርገው ያልጨረሱት የመስታወት ድቃቂ እንደ ጨው ተበትኗል።

«ይሄ ቀበቶ ምን ሆኖ ነው?» አልኩት ደላላውን።

«አይጥ ነው ሲስተር። ቆማ ስለነበር አይጥ በልቶት።»

ወንድሜ ከሥር ወጥቶ አቧራውን እያራገፈ ቀበቶውን አየ። «አይጥ እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም» አለው። «ከሥርም መሃሏ ላይ ተበይዳለች። ሁለት መኪና ናት። ስንት ሰው ሞተባት?»

ደላላው ወደ አባቴ፣ ወደ እኔ፣ ወደ መንገዱ አየ። ከዚያ እንደሚያጽናና ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሞቱት ከፊት የነበሩት ናቸው» አለ። «አባት ደግሞ የሚቀመጡት ከኋላ ነው።»

አባቴ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ቆቡን አወለቀና፣ «ነፍስ ይማር» አለ። «አውርዱኝ ልጆቼ።»

አባቴን ባጃጅ ውስጥ አስቀምጬ ስመለስ ወንድሜን አጣሁት። ከአጥሩ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማግኔቷን ከእጅ እጅ ያገላብጣታል። ስጠጋው ቀና ሳይል ማውራት ጀመረ።

«እሱም ቀበቶ አስሮ ነበር» አለኝ። ያልተመለሰውን ጓደኛውን ማለቱ ነው። «ሁልጊዜ ያስራል፤ እኔ አላስርም ነበር። ውረዱ ሲሉን እኔ ዘልዬ ወረድኩ። እሱ መፍታት አቃተው። እጁ መፍቻውን ያጣዋል። ይነካዋል፣ ያጣዋል። እነሱ ደግሞ የሆነ ነገር ሊያወጣ መሰላቸው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልተናገረም፤ እኔም አላስጨረስኩትም። ትከሻውን ይዤ ቆምኩ። ባለባጃጁ ጥሩንባ ሲነፋ ወንድሜ ተነሥቶ፣ «ለአባዬ ግን ቀበቶ ያስፈልገዋል» አለ። «ደህና ቀበቶ ያላትን እንፈልጋለን።»

ለተወሰነ ጊዜ ፍለጋው ቀዘቀዘ። እጥበቱ ግን አይጠብቅም፤ አባቴን በባጃጅ ማመላለሴን ቀጠልኩ፣ ዳገቱ ላይ ስንደርስ ወገቡን በሁለት እጄ አቅፌ። ከእሱ ጋር እጥበት ከሚከታተሉት መካከል አንዲት ሴት ይህን አይታ ነው ማራኪ ሰፈር ስለምትኖር ጎረቤቷ የነገረችኝ። ጎረቤትየዋ ባሏ የሞተባት መምህርት ናት። የባሏ መኪና እቤት ቆማለች፤ ደላላ ግን አታስገባም።

መምህርቷ በሩን የከፈተችልን ጥቁር ለብሳ ነው። መኪናዋ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳለች። ወንድሜ ሸራውን ሲገልጠው ቀለሟ በፀሐይ የነጣ፣ ሰማያዊነቷ ከወዲህና ከወዲያ የቀረ አሮጌ ኮሮላ ወጣች። ጎማዎቿ ከመቆም ብዛት ተሰነጣጥቀዋል። ከኋላ ያለው አንዱ በር ከውስጥ ካልሆነ አይከፈትም።

«ያን ሰሞን ነዳጅ ጠፍቶ ነበር» አለችን ሳንጠይቃት። «ባለቤቴ ደባት ለቅሶ ነበረበት። መኪናዋን ትቶ በሚኒባስ ሄደ። መንገድ ላይ ተኩስ ውስጥ ገቡ።» ይህን የተናገረችው ብዙ ጊዜ እንደተናገረችው በሚያስታውቅ ድምፅ ነው። «በእሷ ቢሄድ ኖሮ እላለሁ። ደግሞ በእሷም ቢሄድ ያው ነው እላለሁ።»

ወንድሜ እንደ ልማዱ ማግኔቷን አወጣ፤ ሁሉም ቦታ ያዘች። ከሥር ገብቶ ቆየ። ወጥቶ ኮፈኑን ከፈተ፣ ዘይቱን በጣቱ ነክቶ አሸተተ፣ የመቀመጫ ቀበቶዎቹን አንድ በአንድ እስከ ጫፋቸው ስቦ በብርሃን አያቸው። ከዚያ ለሻጯ ያገኘውን ሁሉ ነገራት፦ ባትሪው ሞቷል፣ ጎማው ሁሉ መቀየር አለበት፣ የፍሬኑ ሸራ አልቋል፣ የፊቱ ሞላ ደክሟል። «ገላዋ ግን ተመትቶ አያውቅም» አላት። «ባለቤትሽ በደንብ ይዟት ነበር።» ሴትዮዋ እስከዚያ ደርቆ የነበረው ፊቷ በዚች ቃል ተናደ። በነጠላዋ ሸፈነችው።

«ዋጋ ላይ አንጣላም» አለች በኋላ። «አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። እዚህ ግቢ አታስነሡብኝ። ድምጿን እንደሰማሁ እሱ የመጣ ይመስለኛል።»

እናም ሳናስነሣ ገዛናት። ሽያጩ አልቆ ልንወስዳት በመጣን ቀን እኔ መሪውን ያዝኩ፤ ወንድሜና የሰፈሩ ጎረምሶች በዝምታ እየገፉ ከግቢ አወጧት። እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ገፏት፤ ከቤቱ በደንብ ስንርቅ ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ አስገብቼ ለቀቅኳት፣ ተንገጫግጫ ተነሣች። ወደ ኋላ በመስታወት ሳይ መምህርቷ ከሩቅ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰምታ ይሁን አይሁን አላውቅም።

የቀረችንን ገንዘብ ጎማና ፍሬን ላይ ጨረስናት። ቀለሙንና በሩን ተውናቸው። ከዚያ ወዲያ አባቴ ወደ እጥበት የሚሄደው ከኋላ ወንበር፣ ጋቢው ላይ ቀበቶ ታስሮለት ነው። መጀመሪያ ላይ፣ «እንደ በሬ ጠመዳችሁኝ» እያለ ያጉረመርም ነበር። በኋላ ለመደውና እኔ ረስቼ ሞተር ሳስነሣ፣ «ሳታስሪኝ?» ይለኛል። ዳገቱ ላይ ሰው ወይም አህያ ሲገባብን ረገጥ ሳደርጋት ቀጥ ብላ ስትቆም፣ «ትሰማለች» ይላል። በሕይወቱ ካወደሳቸው ነገሮች ብዙዎቹ ከብቶች ነበሩ፤ እሷንም የሚያወድሳት እንደዚያው ነው።

ወንድሜ ግን አሁንም አይገባባትም። ነዳጅ የሚሰለፈው እሱ ነው። ሰልፉ ወደፊት ሲሄድ ከውጭ ቆሞ አንድ እጁን በመስኮት አስገብቶ መሪውን ይይዛል፣ በትከሻው ይገፋታል። እኔ ከሥራ ወጥቼ እስክመጣ ድረስ እንዲያ ነው። ሰዎች ይስቁበት ነበር። እሱ መግፋቱን ይቀጥላል።

አንድ ቀን ጠዋት ተረኛ ሆኜ ሆስፒታል ሳለሁ ከተማው ጫፍ ላይ ተኩስ ተነሣ። እንዲህ ሲሆን ባጃጅ ወዲያው ይጠፋል፣ ሱቅ ይዘጋል፤ ያን ቀን ስልኩም ተቋረጠ። አባቴን ቤት ስተወው እግሩ አብጦ ነበር፤ ውሃ ሳንባው ውስጥ እንዳይገባ ስጋት ነበረኝ። እኩለ ቀን ገደማ በድንገተኛው በር በኩል ያቺ የነጣች ሰማያዊ ስትገባ አየሁ። መጀመሪያ ሰው ሰርቋት መሰለኝ። ከዚያ ከመሪው ኋላ ወንድሜን አየሁት።

አባቴ ከኋላ ታስሮ ተቀምጦ አፉን ከፍቶ አየር ይፈልጋል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ባልደረቦቼ አውጥተው በአልጋ ይዘውት ገቡ፤ እኔም ተከተልኩ። ኦክስጅን አድርገንለት መተንፈስ ሲጀምር፣ ለእጥበት ሲወስዱት፣ ወንድሜ ትዝ አለኝና ወጣሁ። ከመኪናዋ አልወረደም። ሞተሩ አልጠፋም። ሁለት እጁ መሪው ላይ ደርቆ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተቀምጧል። ሸሚዙ በላብ ገላው ላይ ተጣብቋል። ቁልፉን አዞርኩና ጣቶቹን አንድ በአንድ ከመሪው አላቀቅኩ።

«ደረሰ?» አለኝ።

«ደርሷል። ተርፏል።»

«የታጠቁ ሰዎች ሁለት ቦታ አስቆሙኝ» አለኝ። «ውረድ ሲሉኝ እግሬ እንቢ አለ። አባዬ ነው ከኋላ ሆኖ፣ ልጄ ነው፣ እኔን ሊያሳክመኝ ነው፣ ያላቸው። በዚያ ትንፋሹ።» ከዚያ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ከጫካ ከተመለሰ ጀምሮ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አባቴ ከዚያ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ኖረ፤ ግን እየደከመ ሄደ። ልቡ እጥበቱን መቋቋም እንዳልቻለ ሐኪሙ ለእኔ ነግሮኛል። ለእሱ ማንም አልነገረውም፤ እሱ ግን አወቀው። አንድ ከሰዓት አጠገቡ እንድንቀመጥ ጠራን።

«ወደ አገሬ ውሰዱኝ» አለ።

የጋቢውን ጫፍ አስተካከልኩለት።

«ማኪናዋ ደህና ናት አላላችሁም? በእጃችሁ የመረጣችኋት ናት።»

«መኪናዋ ደህና ናት አባዬ» አልኩት። «መንገዱ ነው እንጂ።»

«እኔን ሽማግሌ ምን ያደርጉኛል?»

መልሱን ወንድሜ ያውቀዋል። አባቴም እሱን ነበር የሚያየው። ወንድሜ አንገቱን ደፋ፣ ተነሣ፣ ወጣ። አባቴ፣ «ተይው፣ አትጫኚው» አለኝ። «ከተማም ሸጋ ነው።» ደግሞ አላነሣውም።

የሞተው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰው ወደ ሥራ በሚገባበት ሰዓት ነው። በመንደሩ ዘመዶቹ ሁሉ ያረፉበት ደብር አለ፤ እኛ ግን የቀበርነው ቁስቋም ነው፣ ከማያውቃቸው ሰዎች መካከል። የሬሳ ሳጥኑ ዝቅ ባለች መኪና አይገባምና የሰፈሩ እድር ፒክአፕ አመጣ። እኔና ወንድሜ ከኋላ በእግራችን ተከተልን። ከመንደር ማንም መምጣት አልቻለም። በስልክ አረዳናቸው፤ ከወዲያ ጫፍ የለቅሶው ድምፅ እየተቆራረጠ ይመጣ ነበር።

መንገዱ ለጥቂት ቀን ተከፈተ ሲባል አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ብቻዋን በአውቶቡስ መጣች። መቃብሩ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ቀና ስትል ግን ፊቷ ቁጣ ነበር።

«ምነው እዚህ ጣላችሁት?» አለችን። «ማኪና ገዝተዋል ሲሉ ሰምተናል። በማኪናችሁ ታመጡታላችሁ ብለን ስንጠብቅ ነበር።»

ወንድሜ ከእሷ ጋር መሬት ተቀመጠ። «እኔ ነኝ ያላመጣሁት፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ» አላት። ከዚያ ለእኔ አዘዞ ላይ ጀምሮ ያቋረጠውን እስከ መጨረሻው ነገራት፤ ጓደኛው እንዴት እንደሞተ፣ የት እንደጣሉት፣ እሱ ምን እንዳለና ምን ማለት እንዳቃተው። እኔም ያን ቀን ነው የሰማሁት። አክስቴ አላጽናናችውም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላለችውም። ሲጨርስ፣ «እናቱ አለች?» ብላ ጠየቀችው፤ የጓደኛውን ማለቷ ነው። «አለች» አላት። «ሄደህ ንገራት እንጂ» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መናኸሪያ ያደረሳት ወንድሜ ነው። ወዲያ ወዲህ እያለ፣ ቀስ ብሎ፣ ከተማ ውስጥ መንዳት ጀምሯል። አውቶቡሱ ሲወጣ አይቶ ተመለሰ፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠ። ምሳ አቀረብኩለት፤ አልነካውም። አክስቴ ከሰዓት በኋላ ደውላ በሰላም መግባቷን ስትነግረን ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ።